ዶን ቶሪቢዮ ክሊኒክ ያልሄዱበት ሐሙስ

ዶን ቶሪቢዮ አልማንሳር ቁመታቸው አጭር ነው፤ የሚቆሙበት ድስት ደግሞ ትልቅ ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው ወጥ ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ሳይሆን ድምፃቸውን ነበር። ከእንፋሎቱ ውስጥ ጎርነን ያለ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ «ሱሪ» ይላል። አዲሱ ሰውዬ ግራ ይገባውና ዚፑን ያያል። እኛ እንስቃለን። ከዛ ዶን ቶሪቢዮ ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጣ ይሉና እግሩን ያሳዩታል።

«ሱሪህን ከቦቲው አውጣ። ጭቃ አይደለም እዚህ የምትረግጠው። ውስጥ ከከተትከው ቦቲው አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቅህ። የፈላ ውሃ የገባ ቀን ቦቲው ድስት ይሆናል፣ እግርህ ደግሞ ካሳቫ።»

አርባ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ሆቴሉ ገና ሳይኖር ነው የመጡት፤ በሃያ ዓመታቸው፣ ሲሚንቶ ሊሸከሙ። ለግንበኞቹ ምሳ የሚያበስል ሰው ሲጠፋ በርሜል ለሁለት አስቆርጠው ሳንኮቾ የሚባል ወፍራም ሾርባ ጣዱ፤ ሥጋው ትንሽ፣ ካሳቫውና ሙዙ ብዙ። ግንባታውን ሊያይ የመጣ አለቃ ቀመሰና «ይሄ ሰውዬ ከዛሬ ጀምሮ ሲሚንቶ አይሸከምም» አለ። ሕንፃው አለቀ፣ አለቃው ሞተ፣ ሆቴሉ ሦስት ጊዜ ተሸጠ፤ እሳቸው ከሾርባው ድስት አልተነቃነቁም።

በዛ ሁሉ ዓመት ጣታቸውን እንኳን አልቆረጡም። ወለሉ ላይ ዘይት ከፈሰሰ ማንንም ሳይጠሩ ጨው በእፍኝ ይበትኑበታል፣ እንዳያንሸራትት። ሳሙና ውሃ ውስጥ የተደበቀ ቢላ ካገኙ፣ የደበቀው ሰው ያን ቀን ሾርባ አያገኝም። የጋለ ድስት በእርጥብ ጨርቅ የያዘ ካዩ ጨርቁን ቀምተው ይወረውሩታል። «ሙቀቱ በውሃው በኩል ነው እጅህ ውስጥ የሚገባው፣ ስንቴ ልንገርህ የኔ ልጅ» ይላሉ። ኢንጂነር ፋውስቲኖ የሚባለው የሆቴሉ የደህንነት ኃላፊ ይሄንኑ በስዕል አድርጎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ስዕሉን ያየው የለም። ስዕል አይቆጣማ።

ሚስታቸው ሞታለች። ልጃቸው ሚሌዲስ ዋና ከተማ ሰው ቤት ስለምትሠራ ልጇን ዬይሚን እሳቸው ናቸው የሚያሳድጉት። ዬይሚ ሰባት ዓመቷ ነው። ጠዋት የሠራተኛ አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት ፀጉሯን የሚሠሩላት እሳቸው ናቸው። ሹሩባው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጎረቤቷ ፈትታ እንደገና ትሠራታለች፤ ይሄን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልነገራቸውም።

እኔ ዊልኪን እባላለሁ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ግን ስሜ በቀቀን ነው። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። በማይክሮፎን በዳይሬክተሩ ድምፅ ተናግሬ ትምህርት ቤቱን በሙሉ በሦስት ሰዓት ወደ ቤቱ ከላክሁት በኋላ መመለሱ ከበደኝ። ሆቴሉ ውስጥ ድንች እልጣለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ የቀረውን ጊዜ ሌላ ሰው እሆናለሁ። የወጥ ቤቱን አለቃ ሼፍ ራዳሜስን እሆናለሁ፤ ኢንጂነሩንም፤ ቁርስ ላይ ስድስት እንቁላል ወስዳ ሁለቱን ቦርሳዋ ውስጥ የምትከተውን እንግዳም። ከሁሉ በላይ የሚዋጣልኝ ግን ዶን ቶሪቢዮን መሆን ነበር። ራሳቸው ናቸው «እስቲ እኔን አድርገኝ» የሚሉኝ። አደርጋቸዋለሁ። ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ይነቀንቁና «እኔ እንደዚህ ነው የማወራው? ምስኪን ሚስቴ» ይላሉ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በሰሌዳው ነው። ኢንጂነር ፋውስቲኖ የመመገቢያችን በር ላይ ሰሌዳ ሰቀለ። «ወጥ ቤት፦ ያለ አደጋ ያለፉ ቀናት» ይላል፤ ከሥሩ ቁጥሩ በቾክ ይጻፋል። ሦስት መቶ ከሞላ አንድ እሁድ የወጥ ቤት ሠራተኛ በሙሉ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቤተሰቡን ይዞ፣ መዋኛው ይፈቀድለታል። እኛ ያንን መዋኛ የምናውቀው ትሪ ተሸክመን ስናልፍ ነው። በሥራ ልብስ ጠርዙ ላይ መቆም እንኳን ክልክል ነው። የሰፈሩ ልጆች በባህሩ በኩል ይመጡና በአጥሩ ቀዳዳ ያዩታል፤ ዘበኛው ያባርራቸዋል፤ ደግመው ይመጣሉ። ባህሩ እዛው አጠገባቸው ነው፣ ነፃም ነው፤ ግን ባህር ሰማያዊ መንሸራተቻ የለውም። ከነዛ ልጆች አንዷ ዬይሚ ናት።

አንድ ጊዜ መቶ አስራ ሁለት ደርሰን ነበር። አንድ ልጅ ማንጎ ሲልጥ አውራ ጣቱን ቆረጠና ወደ ክሊኒክ ሮጠ። ነርሷ ሲስተር ቤልኪስ መዝገቧ ላይ አሰፈረችው፤ በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ተጻፈ። ከዛ ቀን ጀምሮ የልጁ ስም ዜሮ ሆነ። አውቶቡስ ላይ ቦታ አንሰጠውም ነበር። «ዜሮ ተቀመጠ አልተቀመጠ ምን ይጨምራል» እንለዋለን፤ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ በኢንጂነሩ ድምፅ። አሁን ሳስበው ከሁላችንም ትክክለኛውን ያደረገው እሱ ብቻ ነበር።

ከዛ በኋላ የራሳችንን ክሊኒክ ከፈትን። ከዱቄት ጆንያው ጀርባ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጥን፤ ውስጡ ፋሻ፣ ፕላስተርና የጥርስ ሳሙና አለ። የተቃጠለ ሰው የጥርስ ሳሙና ይቀባል፤ እናቶቻችን ሁሉ እንደዛ ነው ያሳደጉን። የተቆረጠው ይታሰራል፣ የተቃጠለው ይቀባል፣ ሥራ ይቀጥላል። ሼፍ ራዳሜስ ቆርቆሮውን ያውቀዋል፤ ከጠየቅከው ግን አያውቀውም። ዶን ቶሪቢዮ መጀመሪያ ላይ «ቃጠሎ ቀዝቃዛ ውሃና ሐኪም እንጂ ማስቲካ ማስቲካ የሚሸት ነገር አይፈልግም» ብለው ነበር። በኋላ ግን ቁጥሩ ሁለት መቶ ሲያልፍ ዬይሚ በየማታው «አባባ፣ ዛሬ ስንት ሆነ?» ማለት ጀመረች። እሳቸውም ስለ ቆርቆሮው መናገር ተዉ።

ሁለት መቶ ዘጠና አንደኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ከዋና ከተማ ትልቁ አለቃ ሊጎበኝ ስለሚመጣ አዲስ የሥራ ልብስ ታደለን። ሱሪው ረጅም ነው፤ እኔ ላይ እንኳን መሬት ይጠርጋል፣ ዶን ቶሪቢዮ ላይማ መጋረጃ ሆነ። ሼፍ ራዳሜስ ገባና ወደ እግራችን አየ።

«ይሄ ወጥ ቤት ነው ወይስ የሙሽራ ቤት? ሁላችሁም ሱሪያችሁን ቦቲያችሁ ውስጥ ክተቱ።»

ሁላችንም ወደ ዶን ቶሪቢዮ ዞርን።

«ሼፍ፣ ይሄ ነገር እንኳን ጥሩ አይደለም» አሉ እሳቸው።

«አውቃለሁ ዶን ቶሪቢዮ። ለአንድ ቀን ነው። ሰውየው አይቶን እስኪወጣ።»

ወደ ሱሪያቸው አዩ። ከዛ ጎንበስ ብለው መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን ከተቱ። እሳቸው ሲከቱ እኛም ከተትን።

ወደ አምስት ሰዓት ላይ የተቀቀለውን ካሳቫ በጋሪ እየገፉ ውሃውን ሊያጠልሉ ሄዱ። መሀል መንገዱ ላይ የፍሳሹ ፍርግርግ ከተሰበረ አራት ወር ሆኖታል። ሦስት ጊዜ ነግረናል፣ ሦስት ጊዜ «ብረቱ ታዟል» ተብለናል። ያረጀ መክተፊያ ደርበንበት ነበር፤ ያን ቀን ወለሉን ለጉብኝቱ ያጠበው ሰው መክተፊያውን አንስቶ አልመለሰውም። የጋሪው ጎማ ገባ። ድስቱ አዘነበለ። የፈላው ውሃ ሄዶ ሄዶ ግራ ቦቲያቸው ውስጥ ተጠራቀመ።

አልጮሁም። «ውይ» ነው ያሉት፤ ረስተውት የመጡት ነገር ትዝ እንዳለው ሰው፣ ቀስ ብለው።

እኔ ነበርኩ ቅርባቸው። ቦቲውን ልስብ ስል ሼፍ ራዳሜስ ከበሩ «መጡ፣ መጡ» አለ። አለቃው፣ ኢንጂነሩና ሌሎች ሦስት ሰዎች ገቡ። ዶን ቶሪቢዮ የጋሪውን እጀታ ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። አለቃው ሾርባው ምን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ስንት ዓመት እንደሠሩ ጠየቃቸው፤ እሱንም ነገሩት። ቦቲው ውስጥ ውሃው አሁንም አለ። ኢንጂነር ፋውስቲኖ «ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ቀን፣ አንድ ጭረት የለም» አለ። አለቃው አጨበጨበልን።

ሲወጡ ቦቲውን አወለቅን። ካልሲው ብቻውን አልወጣም።

ቆርቆሮውን አመጣን፤ የጥርስ ሳሙናው ግማሽ አለቀ። ሼፍ ራዳሜስ ተንበርክኮ ፋሻውን በራሱ እጅ ጠቀለለላቸው፤ ፊቱ ነጥቷል።

«ያማል፣ ዶን ቶሪቢዮ?»

«ብዙም አያመኝም።»

ያ ቃል ደስ አሰኘን። አያምም አሉ እኮ። አንዱ ትከሻቸውን መታ፣ አንዱ «አንበሳ» አላቸው፣ ሥራ ቀጠለ። ስኳር እንዳለባቸው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስኳር የያዘው እግር እሳትም እሾህም እንደማይሰማው ሲስተር ቤልኪስ ስንቴ ነግራናለች። በየሐሙሱ ከሰዓት፣ በስምንት ሰዓት፣ ክሊኒኳ ውስጥ ጫማቸውን አስወልቃ ጣታቸውን በላስቲክ ክር ትነካካለች፤ እሳቸው «ነካሽኝ እንዴ?» ይላሉ፤ ትስቃለች፤ ትጽፋለች። እኔ ይሄንን ጨዋታ ሁለቱንም ሆኜ ሺህ ጊዜ ተጫውቼዋለሁ። እና «አያመኝም» ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ የተደሰትኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ መጣ። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ችግሩ ገባን። ከሄዱ ጫማ ያወልቃሉ፤ ካልሄዱ ደግሞ ሲስተር ቤልኪስ ራሷ ወርዳ ትፈልጋቸዋለች።

«ይደውሉላትና ሥራ በዝቷል ይበሏት» አለ ሼፍ ራዳሜስ።

ዶን ቶሪቢዮ የድንች ሣጥን ላይ ተቀምጠው የወጥ ቤቱን ስልክ አነሱ። ያዙት። ጆሯቸው ላይ አደረጉት፣ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ሠላሳ አራት ሰው ቆሞ ያያቸዋል። እንደገና አነሱት። አልደወሉም።

«ይስጡኝ እኔ ልጨርሰው» አልኩና ከእጃቸው ወስጄ ደወልኩ። ማንም አላዘዘኝም።

«ክሊኒክ» አለች ሲስተር ቤልኪስ።

«ልጄ ቤልኪስ፣ ቶሪቢዮ ነኝ» አልኩ በሳቸው ድምፅ።

«ዶን ቶሪቢዮ፣ ስምንት ሰዓት አለፈ እኮ። ወንበሩን አዘጋጅቼ እየጠበቅሁዎት ነው።»

«ድስቱ ይዞኝ ነው። መቶ ሰማንያ ካናዳዊ መጥቶ ሾርባ ሾርባ ይላል። ከበረዶ ሸሽተው ይመጡና እዚህ ላብ እያሰመጣቸው ሾርባ።»

ሳቀች። ከኋላዬ ሰዉ ሽርጡን አፉ ላይ ጠቅጥቆ ይንፈራፈራል።

«እሺ እግርዎስ እንዴት ነው?»

«እግሬማ የሙሽራ እግር ነው።»

«ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ነገር፣ ምንም የለም?»

«ቢኖር ለማን ልደብቀው ነው ልጄ፣ ላንቺ?»

«እንደሱ ከሆነ ለሚቀጥለው ሐሙስ ላድርገው። ቆይ ልጻፈው። ‹በስልክ ደውለዋል፤ እግራቸው ደህና ነው፣ ቁስል የለም ብለዋል።› ልክ ነው?»

«ልክ ነው። እግዜር ይስጥሽ።»

ስልኩን ሳስቀምጥ ወጥ ቤቱ ተናጋ። ሼፍ ራዳሜስ እንባውን ጠረገ። በሕይወቴ እንደዛ አሳምሬ ሌላ ሰው ሆኜ አላውቅም፤ ትንፋሻቸውን ሳይቀር ነው ያመጣሁት። ዶን ቶሪቢዮም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከኛ ትንሽ ዘገየ፣ ቀድሞም አለቀ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አውቶቡሱ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ሽታው መጣ። መጀመሪያ የአሳ ሣጥን ነው ብዬ ነበር። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ በሩን ዘጋሁና ፋሻውን ፈታሁት። ትንሿ ጣት ቀለሟ ሌላ ነበር፤ አጠገቧ ያለችውም እየተከተለቻት ነው። ግንባራቸውን ስነካው ይጋላል።

«ዶን ቶሪቢዮ፣ አሁኑኑ ወደ ሲስተር እንሂድ።»

«ሁለት ቀን ነው የቀረው።»

«ይሄ ሁለት ቀን አይጠብቅም።»

«ዬይሚ የዋና ልብሷን ለብሳ ነው የምትተኛው። ሚሌዲስ ልካላት ነው፣ ቢጫ። ‹አባባ፣ መንሸራተቻው ላይ ስንት ጊዜ ይፈቀዳል?› ትለኛለች። ምን ልበላት?» ፋሻውን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። «ሐሙስ ቁጥሩ ይጻፍ። አርብ እሄዳለሁ። ቃሌ ነው።»

እኔ ደግሞ ሠላሳ አራቱ ሰዎች ታዩኝ። ሚስቶቻቸው፣ ልጆቻቸው፣ የተገዛው የዋና ልብስ ሁሉ። አውቶቡሱ ላይ ቆሜ ስሄድም ታየኝ። እሺ አልኳቸው።

ሐሙስ ሦስት መቶ ተጻፈ። የሐሙስ ቀጠሯቸውስ? ያን ቀን ኢንጂነሩ ሲስተር ቤልኪስን ለሥልጠና ልኳት ስለነበር ክሊኒኩ ዝግ ነበር፤ እኛም እንደ ዕድል ቆጠርነው። አርብ ዕለት «ታዲያስ?» አልኳቸው።

«ዛሬ ከሄድኩ ያስተኙኛል። ካስተኙኝ ዬይሚን ማን ያስገባታል? ሠራተኛው ራሱ ካልመጣ ቤተሰቡ አይገባም ብሏል ኢንጂነሩ። ሰኞ በጠዋት እሄዳለሁ።»

እንደገና እሺ አልኩ። ሁለተኛዋ እሺ ከመጀመሪያዋ ትቀላለች።

እሁድ እንግዲህ መዋኛው ጋ ነበርን። ዬይሚ በቢጫ ልብሷ መንሸራተቻው ላይ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ወጣች፤ ጮክ ብላ ትቆጥር ስለነበር ሁላችንም አወቅን። ዶን ቶሪቢዮ ነጭ ወንበር ላይ በረጅም ሱሪና በተዘጋ ጫማ ተቀምጠው ያያሉ። ላቡ ከአገጫቸው ይንጠባጠባል፣ ግን ይንቀጠቀጣሉ።

«አባባ ና ግባ።»

«ውሃው ይበርደኛል የኔ እናት። አንቺ ግቢ፣ እኔ ልይሽ።»

ኢንጂነር ፋውስቲኖ ንግግር አደረገ። «ደህንነት ባህል ነው» አለ። እኔ ለወትሮው አጠገቤ ላለው ሰው እሱን ሆኜ እደግመው ነበር። ያን ቀን ድምፁ አልመጣልኝም፤ ዓይኔ ጫማቸው ላይ ነበር።

ሰኞ አውቶቡሱ ላይ አልነበሩም። ጎረቤታቸው በሞተር ወደ ሆስፒታል ወስዳቸዋለች፤ ከዛ ሳንቲያጎ ከተማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ተላኩ። ረቡዕ ዕለት ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ቆረጡት። ሐኪሙ ለሚሌዲስ «በመጀመሪያው ሳምንት ቢታይ ቃጠሎ ብቻ ነበር፤ ይጸዳል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ ይድናል» ብሏታል። የመጀመሪያው ሳምንት ማለት ያ ሐሙስ ያለበት ሳምንት ነው።

ቀጥሎ ኢንሹራንሱ መጣ። በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ ተባለች ሚሌዲስ። ሆቴሉ መዝገቡን አገላበጠ፤ የለም። ሦስት መቶ ቀን አደጋ የለም። እንደውም የክሊኒኩ መዝገብ ላይ ሰውየው ራሳቸው ደውለው እግሬ ደህና ነው ብለዋል። ስለዚህ ስኳራቸው ነው የጎዳቸው፣ ድስቱ አይደለም። በሽታ እንጂ አደጋ ካልሆነ ካሳም ሰው ሠራሽ እግርም የለም። ዶን ቶሪቢዮ ሲጠየቁ «ውሃ ፈሰሰብኝ» ከማለት ሌላ የማንንም ስም አልጠሩም። ሼፍ ራዳሜስ ከጆንያዎቹ ጀርባ ሰበሰበንና «ይሄ ከተከፈተ ሁላችንም ነን የምንባረረው። ለሳቸው እናዋጣለን፣ አፋችሁን ግን ያዙ» አለን።

አስራ አንድ ቀን ያዝኩ። ሥራ ላይ ሲደክመኝ ሌላ ሰው መሆን ልማዴ ነው፤ በነዛ ቀናት አፌን ስከፍት የሚመጣው የሳቸው ድምፅ ብቻ ሆነ። «ቢኖር ለማን ልደብቀው ነው ልጄ፣ ላንቺ?» ዘጋሁት። በአስራ ሁለተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ሽርጤን ሳላወልቅ ወደ ክሊኒክ ወጣሁ።

ሲስተር ቤልኪስ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከስታለች። መዝገቡ ጠረጴዛዋ ላይ ተከፍቶ ነበር፣ እዛው ገጽ ላይ።

«ጣትህን ቆርጠህ ከሆነ ቆይ ቁጥሩ እንዳይበላሽባችሁ በሩን ልዝጋው» አለችኝ፣ ፈገግ እንኳን ሳትል።

«አልተቆረጥኩም። ያን ሐሙስ የደወለልሽ ዶን ቶሪቢዮ አይደሉም።»

«ሂድ በቀቀን፤ ዛሬ አይደለም።»

«እኔ ነኝ።»

«ድምፃቸውን አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት በየሳምንቱ ሰምቼዋለሁ። ካሳ ልታስገኝላቸው ፈልገህ ከሆነ ደግ ነህ፣ ግን በውሸት ወረቀት አልቀይርም። አሁን ውጣ፣ ሥራ አለኝ።»

ሌላ ማሳመኛ አልነበረኝም። ግድግዳውን እያየሁ፣ «ልጄ ቤልኪስ፣ ቶሪቢዮ ነኝ» አልኩ። ቀጠልኩ። ድስቱን፣ ካናዳዊውን፣ የሙሽራውን እግር። ቁስሉ ጋ ስደርስ «በቃ» አለች። ከዛ ደግሞ ቀስ ብላ «በቃህ፣ በናትህ» አለች።

እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ለካ እሷም ሁሌ ራሷን ነበር ስትወቅስ የከረመችው፤ ለምን ወርጄ አላየሁም እያለች። ከዛ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋችልኝ። «ጻፈው። የሆነውን ሁሉ። የሰዉን ሁሉ ስም አይደለም፣ የሆነውን።» ስድስተኛ ክፍል ነኝ፤ አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አንድ ቃል አላረመችልኝም። ቀኑን ብቻ አስተካከለችው።

ኢንጂነር ፋውስቲኖ ወረቀቱን አንብቦ ተቆጣ። «ሰሌዳው እኮ ለማበረታታት ነበር» አለ።

«ሰሌዳህ አደጋውን አልቀነሰም» አለችው ሲስተር ቤልኪስ፣ እኔ እየሰማሁ። «ወደኔ የሚመጣውን ሰው ነው የቀነሰው።»

ሰሌዳው ወረደ። ለአራት ወር ታዟል የተባለው የፍሳሽ ብረት በአንድ ከሰዓት መጥቶ ተገጠመ። ሼፍ ራዳሜስ ወደ ሌላ ሆቴል ተዛወረ። እኔን አላባረሩኝም፤ ካባረሩኝ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ይደርሳል ብለው ፈሩ መሰለኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ለብዙ ጊዜ ያናገረኝ የለም። አውቶቡሱ ላይ ጠጋ ያለልኝ ዜሮ ብቻ ነበር፤ እውነተኛ ስሙ ሀሚልተን መሆኑን ያኔ ነው የጠየቅኩት።

ጉዳዩ አራት ወር ወስዶ አደጋ መሆኑ ታመነ። ሰው ሠራሹ እግር መጣ። ዶን ቶሪቢዮ ጠዋት ጠዋት ይለብሱትና ከሰዓት በኋላ ያወልቁታል፤ ይቆረቁረኛል ይላሉ። እግሩ ከመጣ በኋላ ቤታቸው ለመሄድ ድፍረቱን ያገኘሁት አንድ ቅዳሜ ነው። በረንዳቸው ላይ አተር ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። ግማሹን ወደኔ ገፋ አደረጉት፤ አብረን ስንፈለፍል ቆየን።

«ዶን ቶሪቢዮ፣ ያን ቀን ስልኩን ከእጅዎ ባልወስደው ኖሮ» አልኩ።

«እኔስ እሱን አይደል የማስበው» አሉ። «እዚህ ቁጭ ብዬ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? አንተ ባትወስደው እደውልላት ነበር። እዋሻትም ነበር፤ ወስኜ ነበር።» አተሩን ወደ ሳህኑ አራገፉ። «ግን ቤልኪስን ዋሽቻት አላውቅም። ድምፄ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር። ትሰማውና ደረጃውን በሩጫ ትወርድ ነበር።»

እጄ ላይ ያለውን አተር ፈለፈልኩ።

«ያንተ ግን አልተንቀጠቀጠም» አሉ።

ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው፤ ውሃው ስንት ሰዓት እንደፈላ እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት። ከዛ ክራንቹን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ፣ ተነሥተው ገቡ፣ አተሩን ጣዱት። እኔም ሳህኑን አጥቤ ቦታው መለስኩት።